እንዶድና ዶክተር አክሊሉ ለማ

በእኛ አገር እንዶድን የማያውቅ የለም። ከሆለታ እስከ ጊንጪ፣ ከአምቦ እስከ ጉደር በየአጥሩ ይበቅላል። በኦሮምኛ ሀንዶዴ ትሉታላችሁ። እናቶች ፍሬውን ወቅጠው ጋቢና ነጠላ ያጥቡበታል። ይኸው እንዶድ አንድ ክፉ በሽታ ለመከላከል እንደሚረዳ ያገኙት የአገራችን ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

በሽታው ቢልሃርዚያ ይባላል። የሚያመጣው ትል ነው። የታመመ ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ውሃ ውስጥ ይገባል። ከእንቁላሉ የተፈለፈለው ትል ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያ ተመልሶ ወደ ውሃው ይወጣል። ሰው ሲታጠብ ወይም ወንዝ ሲሻገር ቆዳውን በስቶ ይገባል። በዓይን አይታይም። ደም ያለበት ተቅማጥ ያመጣል፤ ጉበት ይጎዳል፤ ሆድ ያሳብጣል። ልብ በሉ! ቀንድ አውጣው ከሌለ ትሉ አይራባም።

ዶክተር አክሊሉ በ1964 በፈረንጅ አቆጣጠር በሽታውን ለማጥናት ዓድዋ ሄዱ። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከእነሱ በታች ባለው ውሃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ከላይ በኩል ያሉት ግን ደህና ናቸው። ምክንያቱ ምን ይሆን? ከላይ ያሉትን በሕይወት ለቅመው ዕቃ ውስጥ አደረጉና የእንዶዱ አረፋ ተጨመረበት። ሞቱ! እናቶቻችን ስንት ዘመን በእንዶድ ሲያጥቡ ኖረዋል፤ ይህን ግን ማን ልብ ብሎ ነበር?

ዶክተር አክሊሉ በ1966 አዲስ አበባ ላይ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም 65 ዓይነት እንዶድ ሰብስበው ሲያወዳድሩ 44ኛው በልጦ ተገኘ። ከ1969 እስከ 1974 ዓድዋ ላይ በእንዶድ ተሠራ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ከሆናቸው 100 ሕፃናት ውስጥ 50 ያህሉ ይታመሙ ነበር፤ ወደ 7 ወረደ።

የውጭ ባለሙያዎች ግን በአፍሪካ የተገኘውን ቶሎ አላመኑም። ብዙ ዓመት በክርክር አለፈ። በ1989 ሁለቱ ምሁራን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ።

ታዲያ ይህን አንብባችሁ እንዶድ ይዛችሁ ወደ ወንዝ እንዳትሮጡ። እንዶድ ዓሣም ይገድላል። መጠኑን የሚያውቅ የጤና ባለሙያ ይጠየቅ። የታመመ ሰውም እንዶድ አይጠጣ፤ አደገኛ ነው። ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን አለ።