የፈረስ ብርታት በምን ይመረመራል

በአዲስ አበባ በልደታ በኩል ያለው ሰንጋ ተራ፣ ስሙ እንደሚያስረዳ፣ የሰንጋ ገበያ ስፍራ ነበረ። ሰንጋ የሚለው ቃል ለበሬም ለፈረስም ይነገራል፤ ዋጋቸው ግን በአንድ ዐይን አይታይም። በሬው በስቡ ይገመታል፤ ለፈረስ ግን ስብ ሸክሙ ነው እንጂ ኃይሉ አይደለም። ክረምቱን በጋጣ ቆሞ የከረመ ፈረስ ጠጕሩ አምሮ ቢታይም ለግልቢያ ተሰናድቷል ማለት አይደለም።

ያረፈ ጤነኛ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ በሙሉ ኃይሉ ሲሮጥ ከ220 እስከ 240 ይደርሳል። በዚያን ጊዜ ጣፊያው ተኰማትሮ ያከማቸውን ቀይ ደም ወደ ደም ሥር ይለቃል፤ ትንፋሹም ከዝላዩ ጋር ተያይዞ በአንድ ዝላይ አንድ ጊዜ ይተነፍሳል። ጡንቻው ከሚፈጀው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ስለሚሆን ላብ ያወርዳል፤ ከላቡም ጋር ብዙ ጨው ይወጣል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ውሃና ጨው ሊከለከል አይገባም።

ልምምድ የልብን የመጨረሻ ምት አይጨምርም። ጥቅሙ በሌላ ነው፤ ይኸውም ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ስለሚበዛ ያንኑ ሥራ በጥቂት ምት ይፈጽማል፤ ሥራው ሲቆምም ፈጥኖ ይረጋጋል። ነገር ግን የአካል ክፍሎች ሁሉ እኩል አይጠነክሩም። ልብና ጡንቻ በጥቂት ሳምንታት ሲበረቱ አጥንትና ጅማት ብዙ ወራት ይፈልጋሉ። ትንፋሹ የበረታለት ፈረስ እግሩ ሳይጠና ቢጣደፍ ለስብራት የሚጋለጠው ስለዚህ ነው።

በሠለጠኑት አገሮች ሊቃውንት ፈረሱን በሚሽከረከር ሰፊ ጠፍር ላይ እያስሮጡ የልቡ ምት 200 ሲደርስ ያለውን ፍጥነት ይለካሉ። ለባላገር ግን ጣትና ሰዓት ይበቃዋል። ከመንጋጋው ሥር ያለውን ደም ሥር ዳስሶ የ15 ሰከንዱን ምት ቈጥሮ በ4 ማባዛት ነው። መጀመሪያ በማለዳ ፈረሱ ሳይሠራ ይቈጠር። ከዚያ በየሳምንቱ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ርቀትና ፍጥነት፣ በአንድ ጋላቢ አስሮጦ፣ እንደቆመና ከ10 ደቂቃ በኋላ ቈጥሮ መጻፍ ይገባል። የኋለኛው ቍጥር በየሳምንቱ ቢቀንስ ልምምዱ ሠምሯል፤ የማለዳው ምት ከልማዱ ቢበልጥ ግን ድካም ወይም ሕመም አለና ፈረሱ ይረፍ፤ ለሐኪምም ይታይ። በዓለም አቀፍ የረጅም መንገድ እሽቅድምድም የልቡ ምት በተወሰነለት ጊዜ ወደ 64 ያልወረደ ፈረስ ከውድድሩ ይወጣል።

ይህ ሥርዓት ለአገራችን በዓላትም ይበጃል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። ከመስቀል እስከዚያ ቀን አራት ወር ያህል አለ። በመስቀል በእርምጃ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሶምሶማ፣ በኋላም ወደ ግልቢያ የተመራ ፈረስ ለክብር ይደርሳል፤ በበዓሉ ዋዜማ ከጋጣ የወጣው ግን ለራሱም ለጋላቢውም አደጋ ነው። ስለዚህ ሹማምንት አስቀድመው ይህን ለፈረስ ባለቤቶች ቢያስታውቁ፣ በሜዳውም ልቡ ያልረጋውን ፈረስ ቢያስቀሩ፣ የሰውንም የከብትንም ሕይወት ያድናሉ።