ስለ ፕላስቲክ ሞዴል ፈሳሽ ማጣበቂያ አመራረጥ

በሣጥን ተከቶ የሚሸጠውን የፕላስቲክ አውሮፕላን፣ መርከብ ወይም መኪና ገጣጥሞ ለሚሠራ ሰው፣ ከመቍረጫውና ከቀለሙ ይልቅ ሥራውን የምታጸናለት ወይም የምታበላሽበት አንዲት ትንሽ የፈሳሽ ጠርሙስ ናት። እንግሊዞች ይህን ፈሳሽ «ሲመንት» ይሉታል። ቃሉን እንዳለ ወስደን ሲሚንቶ ብንለው አንባቢውን ወደ ግንብ ሥራ ይመራዋል፤ ከኢጣልያንኛ በተቀበልነው ቃል ኮላ ብንለውም ነገሩን አይገልጸውም። ኮላ በሁለት ነገሮች መካከል ገብቶ፣ በዚያው ደርቆ፣ ሁለቱን የሚይዝ ነው። ይህ ፈሳሽ ግን ፕላስቲኩን ራሱን አሟሙቶ፣ አንዱን ወገን ከሌላው ካዋሐደ በኋላ ተንኖ ይሄዳል። ስለዚህ ተግባሩ ከአናጢ ኮላ ይልቅ ከብረት በያጅ ሥራ ጋር ይመሳሰላል። ይህን ልዩነት ያስተዋለ ሰው ትክክለኛውን ፈሳሽ ለመምረጥ አይቸግረውም።

አብዛኛው ሞዴል የሚሠራው ፖሊስታይሪን ከተባለው ፕላስቲክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 የሀንጋሪ ተወላጅ በሆነው በኒኮላስ ኮቭ በለንደን የተቋቋመው የኤርፊክስ ኩባንያ በ1952 የፍራንሲስ ድሬክን መርከብ፣ የ«ጎልደን ሃይንድ»ን አምሳያ፣ ከዚሁ ፕላስቲክ አውጥቶ በዉልዎርዝ መደብሮች በርካሽ ዋጋ ለሕዝብ አቀረበ። በጃፓን አገር በሺዙኦካ ከተማ በ1946 በእንጨት መሰንጠቂያነት የተመሠረተው የታሚያ ኩባንያም በ1960 ወደ ፕላስቲክ ሞዴል ተሻገረ። ዛሬ በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ ስማቸው ከሚጠራው ፈሳሾች አንዱ የዚሁ ኩባንያ አረንጓዴ ክዳን ያለው ቀጭን ማጣበቂያ ነው።

ፖሊስታይሪን እንደ ረዣዥም ክሮች እርስ በርሳቸው ከተጠላለፉ ሞለኪውሎች የተሠራ ነው። አሟሚው ፈሳሽ ሲነካው ክሮቹ ይላላሉ፤ ሁለቱ ወገኖች ሲገናኙም የአንዱ ክር ከሌላው ጋር ይደባለቃል። ፈሳሹ ተንኖ ሲያልቅ መጋጠሚያው እንደ አንድ አካል ይሆናል። ከዚህም የተነሣ በሚገባ የተዋሐደውን ሳይሰብሩ መለየት አይቻልም። ስለሆነም ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት ክፍሎቹን በደረቁ አጋጥሞ መመልከት የመጀመሪያው ሕግ ነው። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ቀለም ወይም የብር ቅብ ካለ ከመጋጠሚያው ላይ መፋቅ ነው፤ ፈሳሹ ቀለሙን እንጂ ፕላስቲኩን ካላገኘ ውሕደት የለም። እንጨትን፣ ብረትንና ሬዚንንም ስለማያሟሟ ለእነዚህ ሱፐር ግሉ ወይም ኤፖክሲ ያስፈልጋል።

ፈሳሾቹ እርስ በርሳቸው የሚለዩት በተለይ በፍጥነታቸው ነው፤ ፍጥነታቸውም ከሚፈሉበት የሙቀት መጠን በብዙው ይገመታል። ዳይክሎሮሜቴን በ40፣ አሴቶን በ56፣ ሜቲል ኤቲል ኬቶን በ80፣ ቡቲል አሴቴት በ126 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላሉ። በዝቅተኛ ሙቀት የሚፈላው ቶሎ ይነክሳል፣ ቶሎም ይተናል፤ ስለዚህ ለትንንሽ ክፍሎች ይመቻል። ዘግይቶ የሚተነው ደግሞ ረዥም መጋጠሚያ ላለው ሥራ፣ ለምሳሌ ለአውሮፕላን ክንፍ፣ ለማስተካከል ፋታ ይሰጣል። ከላይ የተጠቀሰው የታሚያ ፈሳሽ አሴቶንንና ቡቲል አሴቴትን አጣምሮ የያዘ በመሆኑ ከሁለቱም ጠባይ ተካፍሏል። እንደ ምፅዋ ባለ ሞቃት የባሕር ዳር ከተማ የሚሠራ ሰው ማናቸውም ፈሳሽ ቶሎ ስለሚተንበት ዘገም የሚለውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ከፍጥነቱ ቀጥሎ የሚታየው ውፍረቱ ነው። በቱቦ የሚሸጠው ወፍራም ማጣበቂያ የሟሟ ፕላስቲክ ስላለበት ክፍተትን ይሞላል፤ ነገር ግን እንደ ማር ይሳባል፣ ከመጋጠሚያውም እየተረፈ ሥራውን ያቈሽሻል። ወፍራሙ የሚቀባው ክፍሎቹ ሳይገናኙ ነው። ቀጭኑ ፈሳሽ ግን ክፍሎቹ ከተጋጠሙ በኋላ ነው የሚነካው፤ ብሩሹ የመጋጠሚያውን ጫፍ ሲነካ ፈሳሹ ዘይት በኩራዝ ክር እንደሚሳብ በስንጥቁ ውስጥ ራሱ ይሮጣል። በዚህ ጊዜ ጣት በመጋጠሚያው ላይ ማረፍ የለበትም፤ ፈሳሹ ከጣት ሥር ገብቶ የጣትን አሻራ በፕላስቲኩ ላይ ያትማልና።

ብርሃን አስተላላፊ ለሆኑት ክፍሎች፣ ለምሳሌ ለአውሮፕላን መስኮት፣ ብርቱ ፈሳሽ አይስማማም፤ አንዲት ጠብታ ብትፈስበት መስኮቱ ይደበዝዛል፣ ወይም በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላል። የሱፐር ግሉ እንፋሎትም ነጭ ጉም ያለብሰዋል። ለዚህ የሚሻለው በውሃ የሚታጠበው ነጭ የእንጨት ኮላ ነው፤ ኀይሉ ትንሽ ቢሆንም መስኮት ሸክም የለበትም። ኤ.ቢ.ኤስ. የተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ደግሞ በተቃራኒው ለእርሱ የተዘጋጀ ብርቱ ፈሳሽ ይሻል። የፕላስቲኩን ዓይነት ያላወቀ ሰው ክፍሎቹ ተያይዘው በመጡበት ትርፍ ዘንግ ላይ አንዲት ጠብታ አድርጎ ይሞክር፤ ዘንጉ ከተጣለ ጉዳት የለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጤና ነገር ነው። ቀድሞ በብዙ የሞዴል ማጣበቂያ ውስጥ ቶሉዊን የተባለ አሟሚ ይገባ ነበር፤ በአሜሪካ አንዳንድ ወጣቶች ሽታውን እየሳቡ መስከር ስለ ጀመሩ የቴስተር ኩባንያ በ1969 የሚያስመርር የሰናፍጭ ዘይት ጨመረበት። እንፋሎቱን ሆን ብሎ መሳብ ልብን በድንገት እስከ ማቆም ይደርሳል። ዳይክሎሮሜቴንም በሰውነት ውስጥ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2024 ለቤት አገልግሎት እንዳይሸጥ የሚከለክል ደንብ አውጥቷል። ለልጅ ማጣበቂያ የሚገዛ ወላጅ ስለዚህ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሳያነብ ገንዘቡን አያውጣ። ከብርቱካን ልጣጭ የሚገኘው ሊሞኒን ያለበት ፈሳሽ ሽታው የለዘበ፣ አሠራሩም ዘገምተኛ ነው፤ ሆኖም እርሱም ቆዳን ሊያስቆጣ፣ በእሳትም ሊያያዝ ይችላል። ማናቸውም ቢሆን መስኮት ተከፍቶ፣ ከሻማና ከከሰል ምድጃ ርቆ፣ በታላቅ ሰው ዓይን ሥር ይሠራበት።

እንግዲህ ለጀማሪ አንድ ቀጭን ፈሳሽ፣ አንድ ወፍራምና ጥቂት ነጭ ኮላ ይበቁታል። የቀረው ትዕግሥት ነው። መጋጠሚያው በጥቂት ደቂቃ የያዘ ቢመስልም አሟሚው ከውስጡ ገና አልወጣም፤ ያን ጊዜ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ቢነካ ቆይቶ እየሰረጐደ መስመሩ ተመልሶ ይታያል። ቢያንስ አንድ ቀን ማሳደር ይገባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው፣ በችኰላ የተጋጠመው ክንፍም በመጀመሪያው ንክኪ ይላቀቃል።