የሞተር ፓምፕ ካርቡራቶር በመንደር ፈትቶ ስለ ማጽዳትና ስለ ማደስ

መግቢያ

በእስቴ ወረዳ፣ በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ፣ በቤንዚን የሚሠራ ትንሽ የሞተር ፓምፕ ያላቸው ገበሬዎችና ማኅበራት በበጋ ከወንዝ ውሃ እየሳቡ ሽንኩርትና ድንች ያለማሉ። ሽንኩርት ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ ውሃ ሲቋረጥበት ብዙ አይታገሥም። ድንችም ፍሬ በሚይዝበት ጊዜ ከተጠማ ምርቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ፓምፑ ቆሞ መካኒክ እስኪገኝ ወይም ሞተሩ ተጭኖ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ደርሶ እስኪመለስ የሚያልፈው ጊዜ የአንድ በጋ ድካም ሊያጠፋ ይችላል።

ከቆሙት ፓምፖች ብዙዎቹ ግን አላረጁም፤ ካርቡራቶራቸው ቆሽሿል እንጂ። ይህን ደግሞ የሠለጠነ የማኅበር አባል በግማሽ ቀን ሊያጸዳው ይችላል። የልማት ሠራተኞች ሥራውን በተግባር እንዲያሳዩ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። ካርቡራቶር ባላቸው አሮጌ መኪናዎችም መሠረታዊው አሠራር ተመሳሳይ ነው።

ካርቡራቶር ምን ይሠራል?

ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ በካርቡራቶሩ ጠባብ ጉሮሮ በፍጥነት ያልፋል። ፍጥነቱ ሲጨምር ግፊቱ ይቀንሳል፤ በዚህም ምክንያት ቤንዚን ከታችኛው ጽዋ ተስቦ ይወጣና ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው ቀጭን ቀዳዳ ያለው የነሐስ ብሎን ነው፤ በዚህ ጽሑፍ መለኪያ ብሎን እንለዋለን። በጽዋው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ደግሞ ጽዋው ሲሞላ መርፌውን ወደ ላይ ገፍቶ የቤንዚኑን መግቢያ ይዘጋል።

አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 15 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። መካነ ኢየሱስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ ለቆላ የተሠራ መለኪያ ብሎን በደጋ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ብዙ ፋብሪካዎች ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠሩ ሞተሮች ቀዳዳው ያነሰ ብሎን እንዲገጠም የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በአንድ የመስኖ ማኅበር ያየነውን እንጥቀስ። የተዘጋውን ቀዳዳ በሽቦ ወግተው ከፈቱት በኋላ ሞተሩ ተነሣ፤ ነገር ግን ጥቁር ጭስ ያወጣ፣ ቤንዚንም ይጨርስ ጀመር። ሽቦው ቀዳዳውን አስፍቶት ነበር። መድኃኒቱ ብሎኑን መለወጥ ብቻ ሆነ።

ምልክቶቹ

ሀ/ ሞተሩ የአየር መዝጊያው (ቾክ) ሲዘጋ ተነሥቶ ሲከፈት የሚጠፋ ከሆነ፣ የቤንዚኑ መንገድ ተዘግቷል።
ለ/ ቤንዚን የሚፈስ ከሆነ፣ መርፌው ቆሽሿል ወይም ተበልቷል፤ አለበለዚያም ተንሳፋፊው ተበስቷል።
ሐ/ ጥቁር ጭስ የሚወጣ ከሆነ፣ የአየር ማጣሪያው ቆሽሿል፣ ቾኩ በሙሉ አልተከፈተም፣ ወይም መለኪያ ብሎኑ ሰፍቷል።

ካርቡራቶሩን ከመፍታት በፊት ንጹሕ ቤንዚን መኖሩን፣ የቤንዚን መክፈቻው መከፈቱን፣ የአየር ማጣሪያውና ካንዴላው ንጹሕ መሆናቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

አሠራሩ

1ኛ/ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ሥራው ከቤት ውጭ፣ ከእሳት፣ ከኩራዝና ከሲጋራ ርቆ ይሠራ። ሕፃናት አይቅረቡ።

2ኛ/ የቤንዚን መክፈቻው ይዘጋ፤ በጽዋው ያለው ቤንዚን በዕቃ ይቀዳ። የአየር ማጣሪያው ከተነሣ በኋላ ዘንጎቹና ስፕሪንጎቹ የገቡባቸው ቀዳዳዎች በወረቀት ላይ ይሣሉ። ብዙ ሰው የሚቸገረው ሲፈታ ሳይሆን ሲገጥም ነው።

3ኛ/ ካርቡራቶሩ ይውጣ፤ ጓርኒሲዮኖቹም በቅደም ተከተላቸው ይቀመጡ። ጽዋው፣ የተንሳፋፊው ቀጭን ዘንግ፣ ተንሳፋፊውና መርፌው ተራ በተራ ወጥተው በነጭ ጨርቅ ላይ ይደርደሩ።

4ኛ/ መለኪያ ብሎኑ በልኩ በሆነ ካቻቢቴ ይፈታ፤ በጠበበ ካቻቢቴ ከተፈታ ነሐሱ ይበላል። የቅልቅል ማስተካከያ ብሎን ካለ፣ ከመፈታቱ በፊት በዝግታ እየጠበቀ እስኪቆም ስንት ዙር እንደሄደ ይቆጠርና ይጻፍ። ሲመለስም በዚያው ቁጥር ይላላ።

5ኛ/ የብረት ክፍሎቹ በንጹሕ ቤንዚንና በብሩሽ ይታጠቡ። ቀዳዳዎቹ በብስክሌት መንፊያ ይነፉ፤ በአፍ መንፋት ወይም መምጠጥ አይገባም። መለኪያ ብሎኑ ወደ ብርሃን ሲያዝ ቀዳዳው ክብና ጥርት ያለ ሆኖ መታየት አለበት። ካልጠራ በቤንዚን ይዘፍዘፍ፤ ከዚያም ቀጭን የናይለን ክር ይግባበት። ሽቦ፣ መርፌና ሚስማር ፈጽሞ አይግባ።

6ኛ/ ተንሳፋፊው ይወዝወዝ፤ ውስጡ ቤንዚን ከተንቦጫረቀ ተበስቷልና ይለወጥ። የመርፌው ጫፍ በጣት ሲዳሰስ ቀለበት መሰል ጎድጓዳ ካለው እርሱም ይለወጥ። የተቀደደ ጓርኒሲዮንና የደረቀ የጎማ ቀለበት መልሶ መግጠም አየር ያስገባል፤ ቤንዚንም ያንጠባጥባል።

7ኛ/ ሁሉም በሥዕሉ መሠረት ይገጠም። የቤንዚን መክፈቻው ተከፍቶ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ፤ የሚንጠባጠብ ካለ ሞተሩ አይነሣ። የፈሰሰ ቤንዚን ካለ ተጠርጎ እስኪደርቅ ይቆይ።

እንዳይደገም

ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከጽዋው ግርጌ ይዘቅጣል፤ መለኪያ ብሎኑ ቤንዚን የሚስበውም ከዚያው ከግርጌ ነው። ስለዚህ በጀሪካን ወይም በፕላስቲክ ጠርሙስ የተገዛ ቤንዚን ሳይነቃነቅ ቆይቶ፣ ዝቃጩ ሳይነካ፣ በጥሩ ማጣሪያ ይቀዳ። ቤንዚን ለወራት ሲቀመጥ ሙጫ መሰል ነገር ይፈጥራል፤ በክረምት ቆሞ የከረመ ፓምፕ በኅዳር እምቢ የሚለው ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ስለሆነም ፓምፑ ለክረምት ከመቀመጡ በፊት ታንከሩና ጽዋው ባዶ ይደረጉ።

እያንዳንዱ ማኅበር ሁለት አባላትን ለዚህ ሥራ ቢመድብ፣ መለወጫ መርፌ፣ መለኪያ ብሎንና ጓርኒሲዮንም ከመስኖው ወራት በፊት ገዝቶ ቢያስቀምጥ ይጠቀማል። ፓምፑ የሚፈተሸው ማሳው ውሃ ከመጠማቱ በፊት ነው።