ባትሪው አዲስ፣ ሞተሩ ዝም፦ የጀልባ ባትሪ ኬብል እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይቀየራል?

ለማዳመጥ ያልተመቻችሁ ደግሞ ይኸው ሙሉ ቃሉን አንብቡት። እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ነኝ። አማርኛዬ ከቤት ነው፣ የሙያው ቃል ግን ከትምህርት ቤት በዕብራይስጥ ነው የመጣው፤ ስለዚህ አንዳንዴ ባደባልቅ ታገሡኝ።

የዛሬው ጉዳይ ከአሽዶድ የተላከልን ጥያቄ ነው። አድማጫችን ከአባቱ ጋር ዓሣ የሚያጠምድባት፣ ኋላዋ ላይ ሞተር የተንጠለጠለባት፣ አምስት ሜትር የምትሆን ያገለገለች ጀልባ አለችው። ቁልፉን ሲያዞር «ጠቅ» ትልና ዝም። አዲስ ባትሪ ገዛ፣ ማለት «ማትስቤር»፤ አሁንም ጠቅ። አንድ ጋራዥ «ስታርተሩ ይቀየር» አለው። አባቱ ግን የኬብሉን ጫፍ በእጃቸው ዳሰስ አድርገው «ይሄ ይፋጃል፤ ችግሩ እዚህ ነው» አሉት። ታድያ ማንን ልስማ? ነው ጥያቄው።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን ቀላል እንዳልሆነ ልንገራችሁ። መኪና ቢቆም ወርዳችሁ ትገፋላችሁ። ውኃ ላይ መውረጃ የለም። ኪነረት የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ በበጋ ጠዋት ውኃው መስተዋት ይመስላል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ከሜዲትራኒያን በኩል የምዕራብ ነፋስ ይመጣና ማዕበሉን ያስነሳዋል። በዚያ ሰዓት ሞተሩ እምቢ ካለ ነፋሱ ወደፈለገበት ነው የሚወስዳችሁ። እና ይሄ ሁሉ አንዳንዴ ጫፉ በበሰበሰ ኬብል ምክንያት ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ስታርተር፣ አባቶቻችን ሞተሪኖ የሚሉት፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ግን በእነዚያ ሰከንዶች ከመቶ አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። መብራቱና ዓሣ ማሳያው የሚስቡት ጥቂት አምፔር ነው። ለዚህ ነው «መብራቱ ይበራል፣ ስለዚህ ኬብሉ ደህና ነው» የሚለው ሐሳብ የሚያሳስተው። ቀጭን ቧንቧ ብርጭቆ ለመሙላት ይበቃል፣ እሳት ለማጥፋት ግን አይበቃም።

በቁጥር እንየው። ሞተሪኖው 150 አምፔር ይስባል እንበል፣ ከባትሪው እስከ ሞተሩ ደግሞ 3 ሜትር ነው። መንገዱ ግን 3 ሜትር አይደለም፤ በቀዩ ሄዶ በጥቁሩ ይመለሳል፣ ስለዚህ 6 ሜትር ነው። በ16 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ኬብል መንገድ ላይ የሚጠፋው 1 ቮልት ገደማ ነው። በ35 ካሬ 0.45 ቮልት፣ በ50 ካሬ 0.3 ቮልት ገደማ ይሆናል። አንድ ቮልት ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን ባትሪው ራሱ ሞተሪኖው ሲስበው ከ12.6 ቮልት ይወርዳል። ከዚያ ላይ ኬብሉ አንድ ቮልት ከበላ፣ ሞተሪኖው ይደክማል። በኮምፒውተር በሚመራ አዲስ ሞተር ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ ሞተሩ እየዞረ ኮምፒውተሩ ቮልት አንሶት ሞተሩ ላይነሳ ይችላል።

ብዙ ሰው ክብደቱን ለማመጣጠን ብሎ ባትሪውን ከኋላ ወደ ፊት ያዛውራል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ርቀቱ 6 ሜትር ከሆነ መንገዱ 12 ሜትር ነው። ያው 35 ካሬ አሁን 0.9 ቮልት ይበላል። ወደ ግማሽ ቮልት ለመመለስ 70 ካሬ ያስፈልጋል። ስለዚህ ኬብል ከመግዛታችሁ በፊት በገመድ ለኩ፤ የሞተሩ መመሪያ ላይ ለየርቀቱ የተጻፈ ውፍረት ካለ እሱን ተከተሉ። የአሜሪካ ቁጥር የተጻፈበት ኬብል ካጋጠማችሁ ደግሞ ቁጥሩ ሲያንስ ኬብሉ እንደሚወፍር አስታውሱ፤ ቁጥር 2 ወደ 34 ካሬ ነው፣ ቁጥር 6 ግን 13 ካሬ ብቻ።

አሁን ዓይነቱ። ለጀልባ የሚገዛው በቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ ነው፤ ሲላጥ ውስጡ ብር ይመስላል። ያልተለበጠ መዳብ ጨው ሲነካው ይጠቁራል፣ ይረግፋል፣ ዝገቱም በፕላስቲኩ ሥር ወደ ውስጥ ይገባል። ላዩ አዲስ መስሎ ውስጡ የሞተ ኬብል ማለት ይሄ ነው። ሁለተኛ፣ በብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ይሁን፤ ሞተሩ ሁልጊዜ ስለሚንቀጠቀጥ ድርቅ ያለው ይሰበራል። ሦስተኛ፣ በጣም ርካሽ ሆኖ ካገኛችሁት ጽሑፉን በደንብ አንብቡ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል፤ እሱ በተመሳሳይ ውፍረት መዳቡን ያህል አያስተላልፍም፣ ጨው ላይም ቶሎ ያልቃል።

ግን ከመግዛት በፊት መለካት። ለአድማጫችን መልሱ እዚህ ጋ ነው። ማርሹን ኒውትራል አድርግ፣ የደህንነት ገመዱን ንቀል፤ ብዙ ሞተሮች እንዲህ ሆነው ይዞራሉ ግን አይነሱም። ከፕሮፔለሩ አጠገብ ማንም አይቁም። ቴስተሩን፣ ማለት «ራቭ ሞዴድ»፣ ቮልት ላይ አድርግ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ እርሳስ ራሱ ላይ፣ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን። ሌላውን ሞተሪኖው ላይ ቀዩ ኬብል የሚታሰርበት ቡሎን ላይ። አባትህ ቁልፉን ያዙሩ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ኬብሉ፣ ጫፎቹ ወይም መሐል ያለው ማጥፊያ ቮልቱን እየበሉት ነው። በጥቁሩም እንዲሁ፤ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ሞተሩ አካል። ሁለቱም ጥሩ ከሆኑ፣ ባትሪውም ካልወረደ፣ ያን ጊዜ ሞተሪኖውን ጠርጥር። እውነቱን ለመናገር ግን የሚፋጅ ጫፍ ትልቅ ምልክት ነው። የአባትህን ነገር ችላ አትበል።

መቀየሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን ያለበትን ቦታ ከፍታችሁ አናፍሱ፤ ባትሪው በቅርቡ ሲሞላ ከነበረም ጋዙ ይውጣ። ሽቦዎቹን በስልክ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ሁልጊዜ ጥቁሩን መጀመሪያ ፍቱ፣ መልሳችሁ ስታስሩ ጥቁሩ መጨረሻ። ለምን? ጥቁሩ ታስሮ ሳለ ቀዩን የምትፈቱበት መፍቻ የሞተሩን ብረት ከነካ፣ ባትሪው ያለውን ጉልበት ሁሉ በመፍቻው በኩል ይለቀዋል። ቀለበትና የእጅ ሰዓትም አውልቁ።

የኬብሉ ጫፍ ላይ የሚገባው የመዳብ ቀለበት በትክክለኛው መጭመቂያ ይጨመቅ። መዶሻና ፒንሳ አይሆንም፤ ብየዳ ብቻውንም አይበቃም። መጭመቂያው ከሌላችሁ ርዝመቱን ለክታችሁ ሱቅ ውስጥ አሠሩት። ላዩ ላይ ውስጡ ሙጫ ያለበት፣ በሙቀት የሚኮማተር ላስቲክ ይልበስ፤ ውኃ የሚከለክለው ሙጫው ነው። የባትሪውን እርሳስ እስኪያበራ አጽዱ፣ ወፍራሙን ኬብል ከታች፣ ቀጫጭኖቹን ከላይ አድርጋችሁ እሰሩ። በእጅ የሚዞረውን ባለ ክንፍ ዳዶ ተዉት፤ ንዝረት ይፈታዋል። በመፍቻ የሚጠበቅ፣ ውስጡ ናይለን ያለበት ዳዶ ተጠቀሙ። ቀይና ጥቁር ከማሰራችሁ በፊት ሁለቴ ተመልከቱ፤ ከተገለባበጡ የሞተሩ ቻርጅ አድራጊ ሊቃጠል ይችላል። ሞተሩ እየሠራ ሳለም ባትሪውን አትንቀሉ፤ ጉዳቱ ያው ነው።

ኬብሉን በየ45 ሳንቲ ሜትሩ እሰሩት፣ ስለት ያለው ጠርዝና ውኃ የሚጠራቀምበት ወለል አይንካው። ሞተሩ አጠገብ ግን ላላ ይበል፤ ሞተሩ ግራና ቀኝ ይዞራል፣ ወደ ላይም ይነሳል። ሁሉንም አዙሩት፣ አንሱት፣ ኬብሉ የሚወጠርበት ቦታ ካለ ረዘም አድርጉት። በመጨረሻ ያንኑ የቮልት ልኬት ድገሙና ቁጥሩን ማስታወሻ ላይ ጻፉት። በሚቀጥለው ዓመት ስትለኩ ቁጥሩ ከፍ ካለ፣ ጠቅ ሳይል በፊት ታውቃላችሁ።

አዲስ ኬብል አላችሁ ብላችሁ ደግሞ የሕይወት ጃኬቱንና መቅዘፊያውን ቤት አትተዉ፤ ስልኩንም ውኃ በማያስገባ ከረጢት ያዙ።

ለዛሬ ይሄው ነው። የለካችሁትን ቁጥር ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን። እስከሚቀጥለው ክፍል ሰላም ሁኑ፣ ያላ ባይ!