ቺፕ ዲዛይን ከወገዳ፣ በስልክ

ወገዳ ሆናችሁ ላፕቶፕ የላችሁም? ቬሪሎግ የተባለውን የሰርኪውት መግለጫ ቋንቋ በስልክም መማር ይቻላል። አይካረስ ቬሪሎግ ነፃ ነው፤ አንድሮይድ ላይ በተርመክስ ይጫናል፤ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ያየ ሰው ጥቅሙ ይገባዋል።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ፓይተን የለመደ ሰው ኮዱ በተራ የሚፈጸም ይመስለዋል። እዚህ ግን የምትጽፉት ሽቦና ጌት ነው፤ የሰርኪውቱ ክፍሎች ባንዴ ይሠራሉ። ከደረጃ ላይና ታች ሁለት ማብሪያ ያለውን አምፖል አስቡት፦ አንዱን ስትነኩ ይበራል፣ ሌላውን ስትነኩ ይጠፋል። ኤክስኦር የሚባለው ጌት ይኸው ነው፤ በቬሪሎግ አንድ መስመር። ቁጥር የሚደምር ሰርኪውትም ከሱ ይጀምራል።

በዶላር የሚገዛው ኤፍፒጂኤ ቦርድ ይቆይ። ስልክ ላይ መሳሳት (ኢኮኖሚስት ነኝና) ዋጋው ዜሮ ነው። ኢንቴል በ1994 እ.ኤ.አ. በታወቀው የፔንቲየም ቺፕ ስህተት 475 ሚሊዮን ዶላር ከስሯል።