የጽሕፈት ቤታችን ሰርቨር፦ መረጃውም አማና ነው



የመስጂድ ወይም የመድረሳ ጽሕፈት ቤት የየቲሞችን ዝርዝርና የዘካ መዝገብ በአንድ ሰርቨር ላይ ሲያስቀምጥ የሰዎችን ምስጢር በአደራ ተቀብሏል። ሰርቨሩ ከብሮድባንድ መስመር ጋር ሲገናኝ ደግሞ ከየትኛውም የዓለም ጥግ በሩን የሚያንኳኳ አይጠፋም።

ስለዚህ ሰርቨሩ በቀጥታ ከመስመሩ ጋር አይገናኝ፤ በመካከሉ ፋየርዎል ያለው ራውተር ይግባ። ራውተሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የይለፍ ቃልም በመጀመሪያው ቀን ይቀየር። ለእንግዶች የሚሰጠው ዋይፋይ ሰርቨሩ ካለበት ኔትወርክ የተለየ ይሁን።

ትልቁ ስህተት «ከቤት ሆኜ ልሥራ» ተብሎ በራውተሩ ላይ የሚከፈተው ፖርት ነው። የዊንዶውስ የርቀት መግቢያ የሆነው 3389 እና የፋይል መጋሪያው 445 ለኢንተርኔት ክፍት መሆን የለባቸውም። በግንቦት 2009 (እ.ኤ.አ. ሜይ 2017) ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በፖርት 445 እየገባ በብዙ አገሮች ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። ማይክሮሶፍት መከላከያውን ያወጣው ከሁለት ወር በፊት ነበር፤ በዋናነት የተጠቁት ያላዘመኑት ናቸው። ከውጭ መግባት የግድ ከሆነ እንደ ዋየርጋርድ ያለ ቪፒኤን ይዘጋጅ፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛም የራሱ ቁልፍ ይሰጠው። ሥራ የለቀቀ ሰው ቁልፉ በዚያው ቀን ይሰረዝ።

በመጨረሻም፣ የመዝገቡ ቅጂ በየሳምንቱ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይወሰድ፤ ዲስኩም ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ከሰርቨሩ ጋር እንደተሰካ ከቆየ አብሮ ይቆለፋል።

በአላህ መመካት ሰበብ ማድረስን አያስቀርም። ወላሁ አዕለም።