በራሪ ወረቀቶች እንደ ታሪክ ማስረጃ፦ የአየርላንድ ተሞክሮ

በራሪ ወረቀት ለአንድ ስብሰባ፣ ምርጫ ወይም ጥሪ ታትሞ የሚበተን፣ ጉዳዩ ሲያበቃም የሚጣል ጽሑፍ ነው። በዚህም ምክንያት ከመጻሕፍትና ከጋዜጦች ይልቅ ለመጥፋት የተጋለጠ ነው።

ለታሪክ ያለውን ዋጋ በጉልህ የሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ1916 የወጣው የአየርላንድ ሪፐብሊክ አዋጅ ነው። ይህ ባለ አንድ ገጽ ወረቀት በደብሊን ከተማ ሊበርቲ ሆል በተባለው ሕንፃ በምስጢር ታተመ፤ ፓትሪክ ፒርስም ኤፕሪል 24 ቀን በዋናው ፖስታ ቤት ደጃፍ አነበበው። ስማቸው በአዋጁ ግርጌ የሰፈረው ሰባቱም ሰዎች በሳምንታት ውስጥ በሞት ተቀጡ።

የማተሚያ ፊደላት ባለመብቃታቸው ጽሑፉ በሁለት ዙር ታትሟል፤ ቅርጻቸው የተለያየ ፊደላትም ተቀላቅለውበታል። ዛሬ ባለሙያዎች የመጀመሪያውን ቅጂ ኋላ ከታተሙት የሚለዩት በእነዚሁ ጉድለቶች ነው። የአዋጁ መክፈቻ ወንዶችንም ሴቶችንም በስም ይጠራል፤ በዚያን ጊዜ ሴቶች የፓርላማ ምርጫ ድምፅ አልነበራቸውም።

የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የምርጫ ቅስቀሳና መሰል ወረቀቶችን ሰብስቦ ለተመራማሪዎች ያቆያል።

አሮጌ በራሪ ወረቀት በእጃችሁ ካለ የሚከተሉትን ልብ በሉ፦
• ማን እንዳሳተመው፣ ለማን እንደተጻፈና በየትኛው ቋንቋ እንደቀረበ መርምሩ፤
• ከማን እንዳገኛችሁት በሌላ ወረቀት መዝግቡ፤
• በማጣበቂያ አትጠግኑት፣ በፕላስቲክም አታሽጉት፤
• ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቁት።

ዛሬ የሚጣል ወረቀት ነገ ብቸኛው ምስክር ሊሆን ይችላል።